የመኪና ቀለም በምን ብርሃን ይታይ? ከገዳሪፍ እስከ መተማ

የመኪናን ቀለም ጉድለት ለዓይን የሚያጋልጠው ከብርሃኑ ብዛት ይልቅ የብርሃኑ አመጣጥ ነው። ክሊር የሚባለው የላይኛው ቀለም አልባ ሽፋን እንደ መስተዋት ለስላሳ ስለሆነ የወደቀበትን ብርሃን በአንድ አቅጣጫ መልሶ ያንጸባርቃል። ጭረት ባለበት ቦታ ግን ከጭረቱ ጠርዝ የነጠረው ብርሃን ወደ ሌላ ጎን ይሄዳል። ተመልካቹ የመብራቱን ነጸብራቅ በቀለሙ ውስጥ ፈልጎ ዓይኑን ወደ ነጸብራቁ ዳር ሲያደርግ፣ ጨለም ባለው መደብ ላይ ቀጫጭን ብሩህ ክሮች ያያል። ክሮቹ በነጸብራቁ ዙሪያ ክብ ሠርተው የሸረሪት ድር ይመስላሉ። ጭረቶቹ ግን በየአቅጣጫው የተበታተኑ ናቸው፤ ወደ ዓይን የሚያበሩት ለብርሃኑ አግድም የተኙት ብቻ ስለሆኑ ነው ክብ የሚመስለው። መብራቱ ሲንቀሳቀስ ክቡም አብሮት የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚፈለገው ጉድለት ሲለያይ የሚያስፈልገውም መብራት ይለያያል። ለጥቃቅን ጭረት እንደ ነጥብ የጠበበ ብርሃን ይሻላል። ላሜራው መወላገዱን፣ ወይም ቀለሙ ሲረጭ እንደ ብርቱካን ልጣጭ መጎርበጡን ለማየት ረጅምና ቀጥ ያለ መብራት ይመረጣል። የሸንበቆ አምፖል ነጸብራቅ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ከታየ ገጹ ደህና ነው፤ ከተጠማዘዘ መሙያው ስቱኮ አልተስተካከለም፣ ጠርዙ ከተሸራረፈ ክሊሩ ጎርብጧል። ቀለምን ከቀለም ለማዛመድ ደግሞ ሰፊ፣ ለስላሳና የቀን ብርሃንን የሚመስል መብራት ያስፈልጋል። ይህ ሰፊ ብርሃን ግን ጭረትን ይደብቃል፤ ከሁሉም ጎን ስለሚመጣ በጭረቱ ላይ የምታበራው ቀጭን ክር በዙሪያዋ ባለው ብርሃን ትዋጣለች። ጣሪያው በአምፖል የተሞላ ጋራዥ ውስጥ አምሮ የታየ መኪና ፀሐይ ላይ ሲወጣ ባለቤቱን የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው።

በምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍና በአካባቢዋ ይህ ጥያቄ በየቀኑ የሚነሣ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ መካከል ትገኛለች። በድንበሩ ላይ ካሉት ከሱዳኗ ገላባትና ከኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አፈሩ የኢትዮጵያ ገበሬ ዋልካ የሚለው ጥቁር ሸክላ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይቦናል፣ ሱዳኖች ኸሪፍ በሚሉት ክረምት ደግሞ ተጣብቆ የመኪናን ጎን ይለስናል። ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ የሚያመጣው ደቃቅ አሸዋ ከክሊር የጠነከረ ነው። አቧራ የለበሰን ኮፈን በደረቅ ጨርቅ አንዴ መጥረግ ማለት ያን አሸዋ ቀለሙ ላይ እያንሸራተቱ መሄድ ነው፤ ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ደግሞ ደረቅ ጨርቅ የዕለት ልማድ ነው። የአካባቢው መኪኖች የሸረሪት ድር የሚለብሱት ከግጭት ይልቅ በዚህ መጥረጊያ ነው። በሁለቱም የድንበሩ ወገን ሥራው አንድ ዓይነት ሆኖ ስሙ ይለያያል። በመተማ ጋራዥ ከጣልያንኛ የተወረሰው ስቱኮ በገዳሪፍ መዕጁን ነው፤ ላሜራ ሠሪው ሰምከሪ፣ ቀለሙ ቡህያ ይባላል።

ለመመርመሪያ የሚሆነው የመጀመሪያው መብራት ገንዘብ የማይከፈልበት ነው። ፀሐይ ከምድር ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከብዙዎቹ የፋብሪካ መብራቶች የተሻለች ነጥብ ናት፤ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ 100,000 ሉክስ ያህል ታወርዳለች። ይሁን እንጂ ገዳሪፍ በ14 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ የራሷ ጠባይ አላት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 19 እና በነሐሴ 9 አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። በእነዚህ ሳምንታት ቀትር ላይ ኮፈኑና ጣሪያው ብርሃን ይጠግባሉ፤ በሮቹና ፓራፋንጎዎቹ ግን ቀጥተኛ ጨረር አያገኙም ማለት ይቻላል። በሮችን በፀሐይ የሚመረምር ሰው ፀሐይ ዝቅ ስትል መጠበቅ አለበት፤ ጠዋት ከወጣች በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት፣ ከሰዓት ደግሞ ከመጥለቋ በፊት ባሉት ሦስት። እዚህ ላይ ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት መቁጠር ይጠቅማል፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለመለሰች የገላባትና የመተማ የእጅ ሰዓት በአንድ ሰዓት ይለያያል፣ ፀሐይዋ ግን ያው አንዷ ናት።

በአውሮፓ የተጻፉ የቀለም ሥራ መመሪያዎች ቀለም የሚዛመድበት መስኮት ወደ ሰሜን የዞረ ይሁን ይላሉ፤ እዚያ በሥራ ሰዓት በሰሜን በኩል ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባምና። ይህ ደንብ ገዳሪፍ ላይ ለግማሽ ዓመት አይሠራም። ከመጋቢት እስከ መስከረም ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ትወጣለች፣ እንዲሁ ዘንበል ብላ ትጠልቃለች። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ በቀትርም በሰሜን በኩል ናት። በእነዚህ ወራት የሰሜኑን በር አምኖ የሚሠራ ቀለም ቀቢ የናሙናውን ካርድ የሚያየው ሳያውቀው በፀሐይ ጨረር ነው። ለዚህ ኬክሮስ የሚሻለው ወራቱን እየተከተሉ ቦታ መቀየር ነው፤ በበጋ በሰሜኑ ጥላ፣ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ በቀትር በደቡቡ ጥላ።

ፀሐይ ለጭረት ምርመራ የምትመችበት ሰዓትና ለቀለም ማዛመድ የምትመችበት ሰዓት አንድ አይደለም። በንጋትና በምሽት የፀሐይ ብርሃን ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ነጩ ቢጫ፣ ሰማያዊው ግራጫ ይመስላል። ስለዚህ ጠዋት ዝቅ ያለችው ፀሐይ ጭረት ታሳይ፤ የቀለሙ ምስክር ግን ረፋዱ ይሁን።

ሙቀቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የገዳሪፍ አየር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ኮፈን እጅ ሊያርፍበት አይችልም። በጋለ ላሜራ ላይ ፖሊሽ ወዲያው ይደርቃል፣ ስፖንጁ ይንሸራተታል፣ ሠራተኛው ያንን ለማካካስ ይጫናል፣ አዲስ ጭረት ይወለዳል። ፀሐይ ለማየት እንጂ ለመሥራት አትሆንም። በጠዋት ፀሐይ ጉድለቱን በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጎ፣ መኪናውን ወደ ጥላ አስገብቶ፣ ላሜራው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው።

ጥላው ራሱ ግን ቀለም አለው። በሱዳን ከተሞች ሜካኒኩም ቀለም ቀቢውም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ኒም ዛፍ ሥር ነው። በኒም ቅጠል ውስጥ ያለፈ ብርሃን ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ከዚያም በላይ በቅጠሎቹ መሐል የሚገቡት ክብ የፀሐይ ነጠብጣቦች ላሜራውን ያዥጎረጉሩታል። ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ከተዘረጋ ደግሞ ሥሩ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ይለብሳል፤ እዚያ ሥር ተዛምዶ የተቀላቀለ ነጭ ቀለም ፀሐይ ላይ ሲወጣ ቢጫ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ዓይን ሰማያዊውን ለማካካስ ቢጫ ሊያስጨምር ይችላልና። የቀይ ጡብ ግድግዳም እንዲሁ ያደርጋል። ለዚህ መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ቀለም የሚዛመድበትን አንድ ጥግ ግድግዳውን ግራጫ ወይም ነጭ ማድረግ፣ ሸራውንም ነጭ መምረጥ። የክረምት ደመና በአንጻሩ የተፈጥሮ ስጦታ ነው። ሰማዩ በሙሉ አንድ ሰፊ መብራት ስለሚሆን ለቀለም ማዛመድ ከዚያ የተሻለ የለም፤ ጭረት ግን ያን ቀን አይፈለግ።

ከጣሪያ በታች ሲገባ ምርጫው በአራት ዓይነት አምፖሎች መካከል ይሆናል። አሮጌው ባለክር አምፖልና ሃሎጂን ፓውዛው ብርሃናቸው ከትንሽ ክር ስለሚወጣ ጭረት በማሳየት የተመሰገኑ ነበሩ። ጉዳታቸው ሦስት ነው። የመጀመሪያው ቢጫነታቸው ሲሆን ከ2,700 እስከ 3,200 ከልቪን ባለው ውስጥ ስለሚወድቁ ለቀለም ማዛመድ አይታመኑም። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ነው። ጄነሬተሩ ሲደክም ወይም መስመሩ ሲጫን ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢወርድ የክር አምፖል ብርሃን በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ቀለሙም ይበልጥ ይቀላል። ጠዋት በደህና መብራት የተመረመረ በርና ማታ በደከመ መብራት የተመረመረ በር እኩል አልተመረመሩም። ሦስተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። የሃሎጂን አምፖል ብርጭቆ ከ250 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ የቲነር ጠብታ ቢያርፍበት ይሰነጠቃል፣ የጋለው ክርም በትነቱ ውስጥ እሳት ያስነሣል። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የእግር ፓውዛ፣ ማከፋፈያና ሶኬት የሚቀመጡትም እዚያው ወለል ላይ ነው። ቀለም በሚረጭበት ክፍል መብራት ከመስታወት ጀርባ ታሽጎ ከውጭ መግባት አለበት፤ ይህ ካልተቻለ ርጭቱ አልቆ ክፍሉ እስኪናፈስ ምንም መብራት ወለል ላይ አይቀመጥ።

የሸንበቆ አምፖል ለላሜራ መስመርና ለአጠቃላይ ብርሃን ጥሩ ነው፤ ለጭረት ግን ሰፊ ስለሆነ አይረዳም። አሁን ገበያውን የያዘው ኤልኢዲ ነው፤ እሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ሲጠፋ ሰፊ ቢጫ ገጽ የሚታይበት ፓውዛ ብዙ ቺፖች የተደረደሩበት ነውና ብርሃኑ እየተደራረበ ጭረቱን ያለሰልሰዋል። አንዲት ቺፕ ብቻ ያላት የእጅ ባትሪ ግን እንደ ፀሐይ ነጥብ ናት። የስልክ ፍላሽም ከዚህ ወገን ነው፤ ቀለምን አዛብቶ ቢያሳይም፣ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ለመጣ ሰው የሸረሪት ድሩንና ተቀብቶ የተደበቀውን የማሽን ፋና ለማየት ይበቃዋል።

በካርቶኑ ላይ ከሚጻፈው ውስጥ ሦስት ቁጥሮች ሊነበቡ ይገባል። ከልቪኑ የብርሃኑን ቀለም ይናገራል፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ 5,500 አካባቢ ነው፣ ዲ65 የሚባለው የዓለም አቀፍ የቀን ብርሃን መለኪያ ደግሞ 6,500 ገደማ። ሲአርአይ የሚባለው ቁጥር መብራቱ ቀለማትን ምን ያህል በእውነተኛ መልካቸው እንደሚያሳይ ከ100 ይመዝናል። ይህ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል፤ ባለክሩ አምፖል ወደ 100 የሚጠጋ ሲአርአይ አለው፣ ይሁንና የሚመዘነው ከራሱ ቢጫ ብርሃን ጋር በመሆኑ ከቀን ብርሃን ጋር አይተካከልም። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ መታየት አለባቸው፤ ከ5,000 እስከ 6,500 ከልቪንና ከ90 በላይ ሲአርአይ። ሦስተኛው ሉመን ነው፤ ሻጭ አጉልቶ የሚጽፈው ይህን ሲሆን ለሥራው ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ያለው እሱ ነው። ላሜራው ላይ የሚደርሰው ብርሃን በሉክስ ይለካል፤ ትንሽ መብራት ከሁለት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ቢቀርብ ሉክሱ አራት እጥፍ ይሆናል። የአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ፣ ኢኤን 12464፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እትሙ ለመኪና ቀለም ማረሚያና ምርመራ የጠየቀው 1,000 ሉክስና ቢያንስ 90 ሲአርአይ ነው። ከ100,000 ሉክስ ፀሐይ ወደ 1,000 ሉክስ ጥላ የገባ ዓይን ግን ወዲያው አያይም። ከደጅ የገባ መርማሪ ደቂቃዎች ሳይታገሥ ደህና ነው ብሎ ቢመሰክር ምስክርነቱ ዋጋ የለውም።

የኃይል ምንጩ ጉዳይ በምሥራቅ ሱዳን ከአምፖሉ ምርጫ አይለይም። ከኢትዮጵያ በመተማ በኩል ገዳሪፍ የሚደርሰው 230 ኪሎ ቮልት መስመር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ተመርቆ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የሱዳኑ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን በሱዳን የኃይል ተቋማት ላይ የደረሱት ጥቃቶች ምሥራቁንም በተደጋጋሚ አጨልመዋል፤ ገዳሪፍም ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የተፈናቀለ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተቀብላለች። ሥራው በባትሪ፣ በሶላርና በጄነሬተር የሚሄድበት ቀን ብዙ ነው። እዚህ ላይ በቻርጅ የሚሠራ ኤልኢዲ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል፤ ቮልቴጁ ቢወርድም ደህና መቆጣጠሪያ ካለው ብርሃኑ አይለወጥም። ከመኪና ባትሪ በቀጥታ የሚሳብ መብራት ሲሆን የሃይሉክስ ባትሪ 12 ቮልት፣ የአይሱዙ ኤፍኤስአር ግን 24 ቮልት መሆኑን መርሳት አምፖሉን ማቃጠል ነው። ርካሽ ኤልኢዲ በመስመር ኤሌክትሪክ ሲሠራ በሰከንድ 100 ጊዜ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ዓይን አይለየውም፣ የሚሽከረከር የፖሊሽ ማሽን ግን በዚያ ብርሃን የቆመ ወይም ቀስ ያለ ሊመስል ይችላል፣ ይህም እጅን ሊያስጎዳ ይችላል።

መብራቱ በሥራው ቅደም ተከተል ቦታውን ይለዋውጣል። ስቱኮና ፕራይመር የማያንጸባርቁ ስለሆኑ ነጸብራቅ አይፈለግባቸውም። መብራቱን ከላሜራው ጎን አስጠግቶ ብርሃኑን በገጹ ላይ ማንሸራተት ያስፈልጋል፤ ጎድጓዳው ጥላ ይይዛል፣ ጉብታው ያበራል። ልምድ ያላቸው ላሜራ ሠሪዎች ገጹን በውሃ አርሰው ለጥቂት ሰከንድ እንዲያንጸባርቅ ያደርጉታል፤ ውሃው ሳይደርቅ የሸንበቆው መስመር ከተወላገደ ስቱኮው ገና ነው። ይህን ደረጃ ማታ በአንድ የጣሪያ አምፖል ያለፈ ሰው ስህተቱን የሚያየው ክሊሩ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ያኔ መመለሻው እንደገና መላጥ ብቻ ነው።

ቀለም ማዛመድ ላይ የሚገጥመው ትልቁ ወጥመድ ሁለት ቀለሞች በአንድ ብርሃን ተመሳስለው በሌላው የሚለያዩበት ነው። አሮጌው ቀለምና አዲሱ ድብልቅ ከተለያየ ማቅለሚያ የተሠሩ ከሆኑ ፀሐይ ላይ አንድ ሆነው በሸንበቆ አምፖል ሥር ለየብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ናሙናው ቢያንስ በሁለት ብርሃን ይታይ፤ በረፋድ ጥላና በቢጫ አምፖል። በአካባቢው የሚበዛው ነጭ ሃይሉክስ ቀላል ይመስላል። የቶዮታ 040 ቁጥር ነጭ ታዋቂ ድብልቅ ነው፤ ዓመታት የገዳሪፍ ፀሐይ የመታው 040 ግን ከፋብሪካው 040 ጋር አይገጥምም። ናሙናው ከቁጥሩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከመኪናው በር ጋር መተያየት አለበት፣ በሩም መጀመሪያ ታጥቦ። ብርማና ሜታሊክ ቀለም ደግሞ ፊት ለፊት ሲታይ ይፈካል፣ በጎን ሲታይ ይጨልማል፤ ተመልካቹ በመኪናው ዙሪያ ካልተራመደ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

ነጭ ቀለም በጭረት ምርመራም አስቸጋሪ ነው። ጥቁር ቀለም ክሊሩን አልፎ የገባውን ብርሃን ስለሚውጥ የጭረቱ ብልጭታ ብቻዋን ትቀራለች፤ ነጩ ግን ብርሃኑን ሁሉ መልሶ ስለሚረጭ ብልጭታዋን ያሰጥማታል። የሚረዳው ክፍሉን ማጨለም፣ አንዲት ጠባብ ባትሪ ብቻ መያዝና ከነጸብራቁ ጠርዝ አለመራቅ ነው። ብዙ ባለሙያዎች በነጭና በብርማ ላይ ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ይሻላል ይላሉ፤ እንደ ዴንማርኩ ስካንግሪፕ ያሉ አምራቾች ከልቪኑ የሚቀያየር የእጅ መብራት የሚሠሩትም ለዚህና ለቀለም ማዛመድ ነው።

በፖሊሽ ሥራ ላይ መብራቱ ከሁሉ በላይ ይፈተናል። ሻካራ ፖሊሽ በማሽን ከተሠራ በኋላ ጥቁር ኮፈን ሰፊ መብራት ሥር እንደ ውሃ ይተኛል። አንዲት የእጅ ባትሪ ከላዩ ሲያልፍ ግን የማሽኑን መንገድ ተከትለው የሚወዛወዙ ጥላዎች ይወጣሉ፤ ሆሎግራም የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የፖሊሹ ዘይትም ጭረቱን ለጊዜው ሞልቶ ይደብቃል። ስለዚህ ከመመርመር በፊት በውሃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ ያስፈልጋል፤ ያልተጠረገ ገጽ ላይ የተያዘ መብራት የሚያሳየው ዘይቱን ነው። መብራት የማያሳየው አንድ ነገር ደግሞ የጭረቱን ጥልቀት ነው። የፋብሪካ ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፣ ከፀጉር የሳሳ፤ ከፀሐይ የሚከላከለው ንጥረ ነገርም የሚገኘው በዚሁ ክሊር ውስጥ ነው። ጥፍር የሚይዘውን ጭረት ጠንካራ መብራት እያበሩ እስኪጠፋ መፋቅ ክሊሩን መጨረስ ነው፤ በምሥራቅ ሱዳን ፀሐይ የሳሳ ክሊር ብዙ ሳይቆይ ይላጣል። ብርቱ መብራት የገዛ ጋራዥ ይህን ስህተት ለመሥራት ይበልጥ ይቀርባል፣ ሁሉንም ጭረት ያያልና።

ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ የድንበር ጋራዥ የግዢው ቅደም ተከተል እንግዲህ ከተለመደው ይገለበጣል። መጀመሪያ ሲአርአይዋ ከ90 የማያንስ፣ በቻርጅ የምትሠራ አንዲት ባለአንድ ቺፕ የእጅ ባትሪ። ቀጥሎ ክፍሉን የሚያጨልም ወፍራም መጋረጃና ግራጫ የተቀባ ጥግ፤ እነዚህ ከመብራት ይረክሳሉ፣ የሚያስገኙት ግን ከሁለተኛ ፓውዛ ይበልጣል። ከዚያ በሁለት ጎን ግድግዳ ላይ፣ በበር ቁመት፣ ወደታች ሳይሆን ወደ መኪናው ጎን የሚያበሩ ረጃጅም መብራቶች፤ ጣሪያ ላይ ብቻ የተሰቀለ መብራት በሮቹንና ፓራውልቱን ጥላ ውስጥ ይተዋቸዋል። ትልቁ ፓውዛ የመጨረሻው ግዢ ነው። የመብራቶቹ መስታወት በየቀኑ ይጠረግ፤ በሀቡብ ወራት በአንድ ሳምንት የሚቀመጠው አቧራ ብርሃኑን ቀንሶ ያደበዝዘዋል፣ ነጥብ የነበረውንም ሰፊ ያደርገዋል።

መኪናው ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት አንዴ ታጥቦና ደርቆ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀራት ከጥላ ይወጣል። አንዱ ጎኑ በፀሐይ ይታያል፤ ከዚያ መኪናው ዞሮ ሌላው ጎን ወደ ምዕራብ ይቀርባል፤ ኮፈኑና ጣሪያው በማግስቱ ረፋድ ላሜራው ሳይግል ይታያሉ። ባለቤቱና ሠራተኛው ጎን ለጎን ቆመው የፀሐይዋን ነጸብራቅ ከፊት በር እስከ ኋላ ፓራፋንጎ ሲከተሉ፣ የቀረ ክር ካለ ሁለቱም እኩል ያዩታል።